የሐጂ ዲኖ ተከራዮች

ባለፈው መስከረም ሮቤ ላይ አንዲት ክፍል ስከራይ፣ አከራዬ ወይዘሮ ሰቢሪና ውል መጻፉን አልወደዱትም። እኛ እኮ ቤተሰብ ነን፣ በቤተሰብ መሃል ወረቀት ምን ይሠራል አሉኝ። የተዋወቅነው የዚያን ዕለት ጠዋት ነበር። ኪራይ በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብም የሚል አዋጅ መውጣቱን በትህትና ነገርኳቸው። አዋጁን እሳቸውም ሰምተዋል፤ ግን ለሌላ ሰው የወጣ መስሏቸው ነበር። በመጨረሻ ፈረሙ። ፈርመውም ጥቂት ሰንብተው እስኪረሱት ድረስ አኮረፉኝ።

ቤተሰብ መባሉን ጠልቼ አይደለም። ቃሉን አንድ ጊዜ ፍርድ ቤት ውስጥ ሰምቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ከአከራይ አፍ ሲወጣ ስሰማ እስኪርብቶ መፈለግ እጀምራለሁ።

ልጅ ሆኜ ሐጂ ዲኖ አያቴ ይመስሉኝ ነበር።

ግቢያቸው ሮቤ ውስጥ፣ ከስንዴ መጋዘኖቹ ጀርባ ነው። ፊት ለፊት ትልቁ ቤት የሳቸው ነው፤ ከኋላ በሰማያዊ ኖራ የተቀባችው የጭቃ ቤት፣ ሁለት ክፍል፣ እኔና እናቴ የምንኖርባት ናት። አባቴ እኔ ገና ጡት ሳልጥል ጊኒር መንገድ ላይ መኪና ተገልብጦ ሞቷል። እናቴ ነኢማ የቡታጅራ አገር ሰው ናት። ባሏ ሲሞት ዘመዶቿ ወደ አገርሽ ተመለሺ ብለው ለምነዋታል፤ እሷ ግን ሮቤ ገበያ ላይ ባልዲ፣ ጆግና ሳፋ የምትሸጥበትን ቦታ ለሰው ትቼ አልሄድም ብላ ቀረች። ይህን ሁሉ ኋላ ነው የሰማሁት። በልጅነቴ የማውቀው፣ ሰው ሁሉ አያት ቤት ጓሮ እንደሚኖር ነበር።

ሐጂ ዲኖ ጢማቸውን በሂና የሚያቀሉ፣ ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ የስንዴ ነጋዴ ነበሩ። እኔን "እንታለ ቲያ" ይሉኛል፤ ልጄ ማለት ነው። እኔም አካኮ እላቸዋለሁ፤ አያቴ ማለት ነው። እንዲህ በይ ያለኝ ሰው ትዝ አይለኝም፤ አትበይ ያለኝም አልነበረም። አንድ ጊዜ ዲንሾ ወንድማቸው ዘንድ ሲሄዱ ይዘውኝ ሄደዋል። ሚኒባሱ ውስጥ ከጭናቸው ላይ አስቀመጡኝ፤ ከመንገድ ዳር ሣር የሚግጡትን ከርከሮዎች በጣታቸው እያሳዩ፣ ከሰው ጋር ተላምደው እንደማይሸሹ ነገሩኝ። ሾፌሩ የማን ልጅ ናት ብሎ ሲጠይቃቸው የኔ አሉት። ዝናብ ወርዶ ግቢው ጭቃ ሲሆን ቦት ጫማ የገዙልኝም እሳቸው ናቸው። ይህን ሁሉ አድርጎ አያት ያልሆነ ሰው በዚያን ጊዜ አላውቅም ነበር።

ወር በገባ ቁጥር እናቴ ገንዘብ በመሐረብ ጠቅልላ ለአዴ ጁሀራ፣ ለሐጂ ዲኖ ሚስት፣ በእጃቸው ትሰጣቸዋለች። አዴ ጁሀራ ሳይከፍቱት ጉያቸው ውስጥ ይከቱትና ሁለቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው እስኪመሽ ያወራሉ። ልጅ ወላጆቿን ስትጦር እንዲህ ነው ብዬ ነበር የማምነው። እናቴ በጣም ደግ ልጅ ትመስለኝ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በስንዴ አጨዳ ሰሞን ነው። ያን ጊዜ ሮቤ በእንግዳ ትሞላለች። የኮምባይነር ሾፌሮች ከነረዳቶቻቸው ይመጣሉ፤ የስንዴ ነጋዴዎች ከአዳማና ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፤ ጎተራ የነበረው ሳይቀር ተጠርጎ ይከራያል። በዚያው ሰሞን የሐጂ ዲኖ ልጅ ሳላሀዲን ከጅዳ ሊመጣና ሚስት ሊያገባ መሆኑ ተሰማ። እኔ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። አጎቴ ሊመጣ ነው። ለእኔ ምን እንደሚያመጣ ብቻ ነበር ያልወሰንኩት።

አንድ ቀን ወደ መግሪብ ግድም ሐጂ ዲኖ እኛ በር ላይ መጡ። ግቢ ውስጥ እንደልባቸው የሚገቡ ሰው፣ ያን ዕለት ግን አልገቡም፤ መቃኑን ተደግፈው ቆሙ። እኔ ወለሉ ላይ ተኝቼ ፊደል እጽፋለሁ። ልጁ ሊመጣ መሆኑን፣ ሙሽሮቹ የሚያርፉበት እንደሌለ ነገሯትና "ነኢማ፣ እንግዲህ ልቀቁልኝ" አሏት። እናቴ መቼ ብላ ጠየቀች። እስከ መጪው ጁምዓ አሉ። መጀመሪያ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ትታ፣ አሁን በአጨዳ ወቅት ቤት እንደማይገኝ፣ አጨዳው ሲያልፍ ግን ወዲያው እንደምትወጣ ለመነቻቸው። ሐጂ እናያለን ብለው ሄዱ።

እኔ የገባኝ አንድ ቃል ነው፤ ልቀቁልኝ። ትምህርት ቤት ሰው ልብሳችንን ጨምድዶ ሲይዘን የምንለው ነው። ስለዚህ እናቴ የአካኮን ነገር ይዛ አልለቅ ብላለች ማለት ነው። በማግስቱ ቤቱን ስፈትሽ ከበር ኋላ አካፋቸውን አገኘሁት። ጎትቼ ወስጄ ሰጠኋቸው፤ ይኸው ለቀቅንልዎ አልኳቸው። አካፋውን ተቀበሉኝ። አንዴ እሱን አንዴ እኔን ካዩ በኋላ "ባረከላህ" ብለው ወደ ቤት ገቡ። ጉዳዩ በዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ሳላሀዲን ግን ከጅዳ ይደውላል። ሐጂ ስልክ ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል፤ እሺ፣ እሺ፣ ኢንሻአላህ ይላሉ፤ ስልኩን ሲዘጉ ደግሞ ማንንም ሳያዩ በግቢው ይዞራሉ። ከነዚህ ስልኮች ከአንዱ በኋላ የግቢው ቧንቧ ቁልፍ ተደረገበት። ለሰርጉ ውሃ እየተጠራቀመ ነው አልኩ። እናቴ የፕላስቲክ ዕቃ ነጋዴ በመሆኗ ጀሪካን አልቸገረንም፤ ከባለሱቁ ከማሜ ቤት እየቀዳን ሰነበትን።

ቀጥሎ መብራት ጠፋ። በዚያ ዓመት መብራት በፈረቃ ስለነበር አልገረመኝም። አንድ ነገር ብቻ ግራ ገባኝ፤ የትልቁ ቤት ተራ ይደርሳል፣ የኛ ግን አልደርስ አለ። ይህን ለእናቴ ስነግራት ተኚ አለችኝ።

ከዚያ በሩ ሄደ።

እናቴ ገበያ ነበረች። ሐጂ ዲኖ ካቻቢቴ ይዘው መጡና በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው የበራችንን ማጠፊያ መፍታት ጀመሩ። ምን እያደረጉ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ለሰርጉ ቀለም ሊያስቀቡት ነው። ምን ዓይነት ቀለም አልኩ። ትንሽ አሰቡና አረንጓዴ አሉኝ። ብሎኖቹ ከእጃቸው እያመለጡ ይወድቁባቸዋል፤ እኔ እየለቀምኩ በመዳፌ ያዝኩላቸው። ሲጨርሱ በሩን በጀርባቸው ተሸክመው ጎንበስ ብለው ወደ መጋዘናቸው ሄዱ። እኔም ብሎኖቹን እንደ ጤፍ በሁለት እጄ አቅፌ ተከተልኳቸው።

ዛሬ ሳስበው፣ ቀን ሠራተኛ ጠርተው ማስፈታት ይችሉ ነበር። ሰው እንዳያይባቸው ይሆናል ራሳቸው የፈቱት። እኔን እንደ ሰው አልቆጠሩኝም።

እናቴ ስትመጣ የተሸከመችውን ሳታወርድ ቆማ አየችው። ማን ነው የፈታው አለችኝ። "እኔና አካኮ!" አልኳት፤ አረንጓዴ እንደሚቀባም ጨመርኩላት። ሸክሟን እንደያዘች ደፉ ላይ ተቀመጠች፤ ብዙ ቆይታ ተነሣችና የምንለብሰውን ብርድ ልብስ በሚስማር መቃኑ ላይ መታችው። ታኅሣሥ ነበር። ከሰነቴ አምባ የሚወርደው ነፋስ ብርድ ልብሱን ሲነፋው ቤታችን ሆዱ የሚተነፍስ ይመስል ነበር።

ለእኔ ከዚያ የተሻለ ጊዜ አልነበረም። ዶሮዎች እንዳሻቸው ይገባሉ፤ እኔም እንዳሻኝ እወጣለሁ። ከሁሉ በላይ እናቴ ገበያ መሄድ ተወች። ቀኑን ሙሉ ከኔ ጋር ናት። በዓል መስሎኝ ነበር። በር በሌለው ቤት ዕቃ ትቶ መሄድ ስላልተቻለ የዓመቱ ዋና ገበያ፣ የአጨዳው ገበያ፣ እንዳለፋት ማንም አልነገረኝም። አዴ ጁሀራ በየምሽቱ ከሰል ያቀጣጠሉበት ምድጃ አምጥተው መሃል ቤት ያስቀምጡና ይመለሳሉ። ከእናቴ ጋር ደጃፍ ላይ መቀመጥም ተዉ። ሐጂ ከእሷ ጋር አትቀመጪ እንዳሏቸው አልገባኝም፤ ብርዱ ነው አልኩ።

የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ግቢው ውስጥ ሰሌን ተነጥፎላቸው ተቀመጡ፤ ሐጂም እናቴም ተናገሩ። ሽማግሌዎቹ ተማክረው የደረሱበት፣ ቤት የባለቤቱ ነው፤ ልጅ ሊድር የተነሣ ሰው አይከለከልም፤ ስለዚህ ነኢማ በሚመጣው ጁምዓ ትልቀቅ፤ ሐጂም ዕቃዋን በማጓጓዝ ይርዷት የሚል ነበር። እናቴ ሻሿን አስተካክላ ተነሣች።

"ቤቱ የሳቸው ነው፤ አልካድኩም" አለች። "የምኖርበት ግን እኔ ነኝ። ሰው የሚኖርበት ቤት በሩ አይነቀልም።"

አንዱ ሽማግሌ ሴት ልጅ ሽማግሌ አትረግጥም አሏት። በማግስቱ ብርድ ልብሱን ለአዴ ጁሀራ አደራ ብላ ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ ለሚጽፈው ሰው ጉዳይዋን ነገረችው።

የቀጠሮው ቀን ሁላችንም አብረን ነው የሄድነው። መንገዱ አንድ ነው፤ ሰዓቱም አንድ ነው። አስፋልቱን ስንሻገር ባጃጅ እንዳይገጨኝ እናቴ ቀኝ እጄን፣ ሐጂ ዲኖ ግራ እጄን ያዙኝ። አዴ ጁሀራ ከኋላ ይከተሉናል። እኔ የጁምዓ ልብሴን ለብሻለሁ። ለምን እንደምንሄድ ስጠይቅ እናቴ ስለ በሩ ነው አለችኝ። አንድ በር አረንጓዴ ለመቀባት ይህን ያህል ፈቃድ ማስፈለጉ ገረመኝ።

ችሎቱ የሚካሄደው በኦሮምኛ ነው። እናቴ የገበያ ኦሮምኛ ብቻ ስለምታውቅ አስተርጓሚ ቆመላት። እኔ አስተርጓሚ አያስፈልገኝም፤ ሐጂ የተናገሩትን ከአፋቸው እየነጠቅሁ ነው የሰማሁት። ዳኛው ወጣት ሰው ነበሩ። ከሳሽ የኪራይ ውል እንዳላት ጠየቁ። የለም። በቃል ነው የገባሁት አለች። ሐጂ ተራቸው ሲደርስ ተነሥተው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ኪራይ የሚባል ነገር የለም አሉ። ባሏ ደግ ሰው ነበር፤ ሲሞትባት ልጇን ታቅፋ ሜዳ ላይ ስትቀር አስጠጋኋት። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ቤተሰብ ናት።

"ልጄ ናት" አሉ። "ልጅ ደግሞ ለወንድሟ ቦታ ትለቃለች።"

እንዲህ ያለ ደስታ ከዚያ በኋላ ብዙ አላየሁም። አካኮ በመንግሥት ፊት፣ ዳኛ እየሰማ፣ የኛ ነሽ አሉን። እናቴን ቀና ብዬ አየኋት። እሷም የምትደሰት መስሎኝ ነበር። አስተርጓሚው እስኪጨርስ ጠበቀችና፣ በአማርኛ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እያስቀመጠች ተናገረች።

"ሐጂ ምናችንም አይደሉም። ተከራይ ነኝ።"

ተከራይ የሚለውን ቃል አላውቀውም ነበር። ምናችንም አይደሉም የሚለውን ግን አውቀዋለሁ። ከእናቴ ጎን ተነሣሁና በአዳራሹ መሃል አልፌ ሐጂ ዲኖ አጠገብ ሄጄ ተቀመጥኩ። እሳቸውም በልማድ ይሁን አስበውበት ዛሬም አላውቅም፣ የጋቢያቸውን ጫፍ አነሡና ከውስጥ አስገቡኝ። ጋቢው የስንዴ አቧራ ይሸታል። ዳኛው አዩን። ወደኔ ጎንበስ ብለው በኦሮምኛ፣ እኚህ ሰው ምንሽ ናቸው አሉኝ።

"አካኮ" አልኳቸው።

ዳኛው የሆነ ነገር ጻፉ። በር ተነቅሎባት ያደረችባቸው ሌሊቶች ሁሉ ተደምረው ያቺ የዳኛው እስኪርብቶ ያህል እንዳላስፈሯት እናቴ የነገረችኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

የእናቴ ምስክር ባለሱቁ ማሜ ነበር። ማሜ የሰፈሩ ሰው ማን ምን እንደሠራ፣ ማን ከማን እንደተጣላ ከሱቁ መስኮት ሆኖ የሚያውቅ ሰው ነው። ያን ዕለት ግን ስኳርና ሳሙና እንደሚሸጥ፣ ወደ ውጭ የማየት ልማድ እንደሌለው ለፍርድ ቤቱ አስረዳ። ሐጂ ዲኖ ከመጋዘን ስንዴ በዱቤ የሚሰጡት ሰው ነበር። እናቴ አልፈረደችበትም።

ቀጥሎ የሐጂ ምስክር ተጠሩ፤ አዴ ጁሀራ። ባላቸው ናቸው የቆጠሯቸው፤ ምን እንደሚናገሩ እንኳ የጠየቋቸው አይመስለኝም። ሚስት ምን ልትል ትችላለች? አዴ ጁሀራ ቁርዓኑ ላይ እጃቸውን ጭነው ማሉ። እጃቸውን ካነሡ በኋላም መዳፋቸውን አዩት፤ የሆነ ነገር የነካቸው ይመስል። ዳኛው ነኢማ በቤታችሁ የምትኖረው በምን ሁኔታ ነው ብለው ጠየቁ። አዴ ጁሀራ ባላቸውን ሳያዩ፣ እናቴንም ሳያዩ፣ ለዳኛው መለሱ።

"ተከራይ ናት። ኪራዩን በየወሩ የምቀበላት እኔ ነኝ፤ በዚህ እጄ።"

ዳኛው፣ ባለቤትዎ እንደ ልጃችን ናት ብለዋል አሏቸው።

"እንወዳታለን" አሉ አዴ ጁሀራ። "እሱ ሌላ ነገር ነው።"

ጋቢው ውስጥ ሆኜ፣ ራሴ ላይ የነበረው የሐጂ እጅ ቀስ ብሎ ሲነሣ ተሰማኝ። እኔ የገባኝ፣ የምወዳቸው ሁለት ሴቶች በአንድ ጠዋት ተባብረው ከቤተሰብ እንዳስወጡኝ፣ ለኔ የቆሙልኝ አካኮ ብቻ እንደሆኑ ነው። በዚህ እምነት ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ።

ዳኛው ውሳኔያቸውን በዚያው ጠዋት ተናገሩ፤ አስተርጓሚውም ለእናቴ ተረጎመላት። ወረቀት አለመኖሩ ኪራይ የለም አያሰኝም። ባለቤቱ ቤቱን ለልጁ የመፈለግ መብት አለው፤ ቢሆንም አስቀድሞ በቂ ጊዜ ሰጥቶ ያስታውቃል፤ አልወጣ ያለውን ተከራይ የሚያስወጣው ፍርድ ቤት እንጂ ካቻቢቴ አይደለም። በሩ ዛሬ ይመለስ። ውሃና መብራቱም ይቀጠል። ከሳሽ አጨዳው እስኪያበቃ ትቆይና ከዚያ ታስረክብ። ካቻቢቴ ሲሉ አዳራሹ ውስጥ ጥቂት ሰው ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም። ሐጂ ዲኖ ለዳኛው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ነሡ።

ስንመለስ ማንም እጄን አልያዘኝም። ሐጂ ቀድመው ሄዱ፣ እናቴ መሃል ናት፣ አዴ ጁሀራ ከኋላ ነበሩ። እኔ ከማን ጋር እንደምሄድ ስላልወሰንኩ በቦዩ ጠርዝ ለብቻዬ ሄድኩ።

በሩን ሐጂ ዲኖ ከሰዓት በኋላ ተሸክመው አመጡት። ያው የድሮው በር ነው። ቀለሙስ አልኳቸው። አልደረሰም አሉኝ።

አዴ ጁሀራ በማግስቱ ጎሮ ከተማ እህታቸው ዘንድ ሄዱ። እህታቸውን ሊጠይቁ ነው ተባልኩ። ጥየቃው ረዘመ። በየሳምንቱ በጎሮ ገበያ ቀን እናቴ ባልዲዎቿን በገመድ አስራ በሚኒባስ ትሄድ ጀመር። ንግዷን ያሰፋች መስሎኝ ለጓደኞቼ ሁሉ አወራሁ። እናቴ ጎሮ ገበያ ላይ አንድም ባልዲ ሸጣ አታውቅም። ባልዲው ለሰው ዓይን ነው። በቤቴ ላይ የመሰከረች በቤቴ አታድርም ተብለው የወጡት ሴትዮ ዘንድ ሄዳ፣ እህትየው ቤት ጓዳ ውስጥ አብራቸው ትቀመጥ ነበር። ምን እንደሚያወሩ ስጠይቃት ምንም ነው ያለችኝ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አዴ ጁሀራ ስለ ምስክርነቱ አንዲት ቃል አንሥተው እንደማያውቁ፣ እሷም አመሰግናለሁ ለማለት ድፍረቱን እንዳላገኘች ነገረችኝ።

አዴ ጁሀራን ያመጣቸው ሳላሀዲን ነው። ከጅዳ መጥቶ ትልቁን ቤት ያለ እናቱ ሲያገኘው ምክንያቱን ጠየቀ፤ ሲነግሩት ሻንጣውን ሳይፈታ ጎሮ ሄደ። "እናቴ በሌለችበት አልሰርግም" አለ ተባለ። ያን ሁሉ የስልክ ጫና ያደረገ ሰው፣ በሩ መነቀሉን አያውቅም ነበር። ቤቱን አስለቅቁልኝ እንጂ በር ንቀሉልኝ አላልኩም ብሎ ከአባቱ ጋር ተኳረፈ። ለእኔ ምንም አላመጣልኝም።

አጨዳው ሲያልፍ፣ እናቴ እንደተባለው ቁልፉን አስረክባ ወጣን። ቁልፉን የሰጠችው በአዴ ጁሀራ እጅ ነው። ዕቃችንን በጋሪ ስንጭን ሐጂ ዲኖ ከቤት ወጥተው አልጋውን በአንድ ጫፍ ያዙ፤ እናቴ በሌላው ጫፍ ያዘች፤ አብረው ጋሪው ላይ አወጡት። እኔ አለቀስኩ። አካኮ አትሂዱ ብለው እንዲያስቀሩን ጠበቅኋቸው፤ እሳቸው ግን የጋሪውን ገመድ ጠበቅ አደረጉት።

አዲሱ ቤታችን ከከተማው ሌላ ጫፍ ነበር። እዚያ አያት አልነበረም። ከዚያ በኋላ ባጠፋሁ ቁጥር፣ እናቴም በተቆጣችኝ ቁጥር፣ ከአያቴ ቤት ያወጣሽኝ አንቺ ነሽ እላት ነበር። ብዙ ጊዜ ሥራዋን ትቀጥል ነበር። አንድ ቀን፣ ደረቴ ማበጥ ጀምሮ ምላሴም አብሮ ያደገ ጊዜ፣ ይህንኑ ደገምኩላት። ጆጎቿን በመጠን እየለየች ትደረድር ነበር። እጇን ሳታቆም፣ የዕቃ ዋጋ እንደምትናገር አድርጋ፣ ከላይ እስከ ታች ነገረችኝ። መሐረቡን፣ ቧንቧውን፣ በሩን፣ እስኪርብቶዋን። ስትጨርስ ያን ትልቁን ጆግ አቀብዪኝ አለችኝ። አቀበልኳት። ከዚያ በኋላ ስለ አያት አንሥቼ አላውቅም።

አሁን የምሠራው ጎባ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። በየቀኑ ከሮቤ እመላለሳለሁ። ባለፈው ጥር አንድ የደም ናሙና ለመውሰድ ወደ ወንዶች ክፍል ስገባ፣ አልጋው ላይ የተኙት ሐጂ ዲኖ ነበሩ። ጢማቸው ሂናው ወጥቶለት ነጭ ሆኗል፤ ያ ሁሉ ቁመት አንሶላ ሥር የለም። ሳላሀዲን መድኃኒት ሊገዛ ወጥቶ ነበር። ስሜን ብነግራቸውም የሚያውቁኝ አልመሰለኝም ነበር፤ እሳቸው ግን ገና ሳልናገር "ዙሀይራ" አሉኝ።

ክንዳቸውን አስሬ ደም ቀዳሁ። ከዚያ መሄድ ሲገባኝ ትራሳቸውን አስተካከልኩ፣ መስኮቱን ዘጋሁ፣ ብርድ ልብሱን እግራቸው ላይ ጠቀለልኩ። ነርሷ ሙቀት ልትለካ መጥታ ይህን ሁሉ ስሠራ አየችኝ። ከጎናቸው ያሉት በሽተኞችና አስታማሚዎችም ያዩኛል። ነርሷ ፈገግ አለችና፣ አያትሽ ናቸው እንዴ አለችኝ።

ሐጂ ዲኖ ዓይናቸውን ከድነው ነበር፤ የተኙ መስሎኝ ነበር። ሳይገልጡ፣ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ መለሱላት።

"አይደለችም። ተከራዮቼ ነበሩ፤ እሷና እናቷ።"

ነርሷ ነገሩ አልገባትም። ቴርሞሜትሩን አነበበች፣ ጻፈችና ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈች። እኔ ናሙናውን ይዤ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ጥቂት መቆም ነበረብኝ። አያቴ አለመሆናቸውን ያን ሁሉ ዘመን እያወቅሁ፣ አይደለችም ሲሉ ግን አንድ ቦታ ላይ አመመኝ።

ማታ እናቴ ዘንድ ሄጄ ነገርኳት። ራት እየበላች ነበር፤ ጉርሻዋን ሳህኑ ላይ መለሰችው።

"በሰው ፊት ነው ያሉት?" አለችኝ።

በሰው ፊት ነው አልኳት፤ ነርሷም፣ በሽተኞቹም እንደሰሙ። እንዴት እንዳሉት ቃል በቃል አስደገመችኝ። ደገምኩላት። ከዚያ ሳህኑን አንሥታ ወደ ጓዳ ገባች፤ እኔ ወደ ቤቴ እስክሄድ ድረስ አልወጣችም።

በማግስቱ አጥሚት አፍልታ በፔርሙዝ ይዛ ጎባ ድረስ መጣች። የመጠየቂያ ሰዓት አልደረሰም ነበር። እኔ ልቀበላት ወደ በሩ ስወጣ ዘበኛው አግዷታል፤ በዚህ ሰዓት የሚገባው የቅርብ ቤተሰብ ብቻ ነው ይላታል። እዚህ እንደምሠራ ነግሬው ላስገባት ፈጠን ብዬ ስመጣ፣ ቀድሞ ጠየቃት። ለሕመምተኛው ምን ነሽ አላት።

እናቴ ፔርሙዙን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረች።

"ልጃቸው ነኝ" አለችው።

ዘበኛው መታወቂያ አልጠየቃትም። በሩን ከፈተላት፤ ገባች።